የወባ ወሰን ከፎገራ እስከ ጋፋት

በደቡብ ጎንደር የወባ ስጋት ካርታ ሲሠራ መጀመሪያ የሚታየው ከፍታ ነው። የጣና ሐይቅ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አይሞላም፤ የጉና ተራራ ራስ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ወረታ ከሐይቁ ብዙም ሳትርቅ በፎገራ ሜዳ ላይ በ1,800 ሜትር አካባቢ ተቀምጣለች። ከእሷ ተነስቶ ወደ ምሥራቅ የሚወጣው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደብረ ታቦር ሲገባ ከፍታው ወደ 2,700 ሜትር ይደርሳል። ጋፋትም ከከተማዋ አጠገብ በዚያው ደጋ ላይ ትገኛለች። ሜዳው የወባ፣ ደጋው የጤና አገር መሆኑን የአካባቢው ሰው ሳተላይት ከመምጠቁ በፊት ያውቀዋል። ሸሽቶ ደጋ መውጣትም የቆየ ልማድ ነው። በ1858 ዓ.ም. በጣና ዳር የሰፈረው የአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት በኮሌራ ሲመታ ንጉሠ ነገሥቱ ሰፈሩን ወደ ደብረ ታቦር አወጡ፤ አብረዋቸው የነበሩት አውሮፓውያንም ጋፋት ላይ እንዲያርፉ ተደረገ። ኮሌራ የሚተላለፈው በውኃ እንጂ በትንኝ አይደለም፤ የመሸሻው አቅጣጫ ግን ያው ነው።

ደጋው ሰውን ከወባ የሚያስጥለው ትንኝ ስለማይደርስበት ብቻ አይደለም። ዋናው ነገር ጊዜ ነው። ሴቷ የአኖፌለስ ትንኝ ከታመመ ሰው ደም ስትመጥ የወባውን ጥገኛ ተህዋስ አብራ ትወስዳለች። ተህዋሱ በሆዷ አድጎና ተራብቶ ወደ ምራቅ ዕጢዋ እስኪደርስ ድረስ ግን ብትነድፍም ለማንም አታስተላልፍም። ይህን ጊዜ የሚወስነው ሙቀት ነው። ገዳዩ ፕላስሞዲየም ፋልሲፓረም ከ16 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች አያድግም። ከዚያ በላይ ያለው እያንዳንዱ ዲግሪ በየቀኑ እየተደመረ 111 ሲሞላ እድገቱን ይጨርሳል። በዚህ ስሌት አማካይ ሙቀቱ 25 ዲግሪ በሆነ ቦታ 12 ቀን ያህል ይበቃዋል፤ በ20 ዲግሪ 28 ቀን፣ በ18 ዲግሪ ደግሞ ከ55 ቀን በላይ ይፈልጋል። ብዙዎቹ ትንኞች ከጥቂት ሳምንታት በላይ ስለማይኖሩ በቀዝቃዛ ቦታ ተህዋሱ ሳይበስል ተሸካሚዋ ትሞታለች። ፕላስሞዲየም ቫይቫክስ የተባለው ሌላው ዝርያ በትንሹ ዝቅ ባለ ሙቀት፣ ከ14.5 ዲግሪ ጀምሮ ስለሚያድግ ከፋልሲፓረም ይልቅ ከፍ ወዳለ ቦታ መዝለቅ ይችላል።

ሙቀት በየ100 ሜትሩ ሽቅብ ከግማሽ ዲግሪ ትንሽ በለጥ እያለ ይቀንሳል። በወረታና በደብረ ታቦር መካከል ያለው የ900 ሜትር ልዩነት ወደ 6 ዲግሪ ገደማ ይመጣል ማለት ነው። ከላይ በተጠቀሰው ሂሳብ 6 ዲግሪ ወረርሽኝ በሚነሳበትና ምንም በማይታይበት ቦታ መካከል ያለው ርቀት ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ ለረጅም ጊዜ እንደ ወሰን ሲያገለግል የቆየው 2,000 ሜትር ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ወባማ፣ ከዚያ በላይ ያለው ነጻ ተብሎ ይመደብ ነበር። የኢትዮጵያ የቆዳ ስፋት ሦስት አራተኛ ያህሉ ወባማ ነው የሚለው የታወቀ አኃዝም የመጣው ከዚህ ዓይነቱ አከፋፈል ነው። መስመሩ ለቢሮ ሥራ ይመቻል፤ ወባ ግን ሁልጊዜ አያከብረውም።

ይህ በግልጽ የታየው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። በዚያ ዓመት ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ ድረስ፣ በአገራችን አቆጣጠር በ1950 መጨረሻና በ1951 መጀመሪያ፣ ከወትሮው የበዛ ዝናብና ሙቀት ተገናኝተው በ1,600 እና በ2,150 ሜትር መካከል ባለው ወይና ደጋ ላይ ወባ ተዛመተ። የታመመው ሰው 3 ሚሊዮን፣ የሞተው 150,000 እንደሚደርስ በጊዜው ተገምቷል። ሞቱ የከፋው ትንኙ ስለበዛ ብቻ አልነበረም። በቆላ የሚኖር ሰው በልጅነቱ ደጋግሞ ስለሚታመም ሰውነቱ በሽታውን መቋቋም ይለምዳል፤ የወይና ደጋው ነዋሪ ግን ወባን በየዓመቱ ስለማያገኛት በመጣች ጊዜ ሽማግሌ ሕፃን ሳትለይ ትጥላለች። ከዚያ በፊትም እ.ኤ.አ. በ1953 ከጎንደር ደቡብ በደንቢያ ሜዳ በቆላ ድባ አካባቢ የተነሳው ወባ ብዙ ሺህ ሰው ፈጅቶ ነበር፤ በዓመቱ ጎንደር ላይ ለተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ ለዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ አንዱ መነሻ ይኸው እልቂት ነው። ደንቢያና ፎገራ በአንድ ሐይቅ ሁለት ዳር የሚገኙ፣ በከፍታም በአፈርም የሚመሳሰሉ ሜዳዎች ናቸው።

ወሰኑ ከዓመት ዓመት ከፍ ዝቅ እንደሚል በኋላ በቁጥር ተረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ2014 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ከደብረ ዘይት አካባቢ የተሰበሰበውን ከ1993 እስከ 2005 ያለውን የሕሙማን መዝገብ በከፍታ በከፍታ ለይቶ መረመረ። ሞቃት በሆኑ ዓመታት የወባው ስርጭት ሽቅብ ይወጣል፤ በቀዘቀዙት ደግሞ ይወርዳል። ስለዚህ የስጋት ካርታ የአንድ ጊዜ ሥራ ሊሆን አይችልም። የከፍታው መረጃ አይለወጥም፤ በላዩ የሚነጠፈው ሙቀትና ዝናብ ግን በየሳምንቱ መታደስ አለበት።

እዚህ ላይ ነው ሳተላይቶቹ የሚገቡት። የምድርን ከፍታ በዝርዝር የሰጠው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ኢንዴቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በራዳር የሰበሰበችው መረጃ ነው፤ ዛሬ ማንኛውም ተማሪ በየ30 ሜትሩ የተለካውን፣ በደብረ ታቦር ዙሪያ ያለውን የፋርጣ ወረዳ ተዳፋት በነጻ አውርዶ መጠቀም ይችላል። የመሬት ገጽ ሙቀትን ቴራና አኳ የተባሉት የናሳ ሳተላይቶች በ1 ኪሎ ሜትር ስፋት ሲለኩ ቆይተዋል። ዝናብን ከሳተላይት ምስልና ከምድር መለኪያ ጣቢያዎች አጣምሮ በ5 ኪሎ ሜትር ስፋት የሚገምት፣ እ.ኤ.አ. እስከ 1981 ወደ ኋላ የሚሄድ መዝገብም አለ። የዕፅዋትን ልምላሜና የአፈርን እርጥበት ላንድሳትና ሴንቲኔል የሚባሉት ያሳያሉ። እነዚህ ሁሉ ከወረዳ፣ ከቀበሌና ከመንገድ መስመሮች ጋር በአንድ ላይ የሚነባበሩበት ሥርዓት ጂአይኤስ ይባላል።

መረጃው ግን እንከን አለው፤ ትልቁ እንከንም ደመና ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም በጉና ዙሪያ ሰማይ ተገልጦ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። የሙቀትና የልምላሜ ምስል የሚያነሱት ሳተላይቶች በደመና ውስጥ ማየት ስለማይችሉ መረጃው በእጅጉ በሚፈለግበት ወቅት ካርታው ቀዳዳ ይሆናል። ባለሙያዎች የስምንት ወይም የአሥራ ስድስት ቀን ምስል አንድ ላይ አድርገው ቀዳዳውን ለመድፈን ይሞክራሉ። ውኃ የተኛበትን መሬት ለመለየት ደግሞ ደመናን የሚያልፈው የሴንቲኔል 1 ራዳር ይረዳል። ሌላም ነገር አለ፤ ሳተላይቱ የሚለካው የመሬቱን ገጽ ሙቀት እንጂ ትንኟ ቀን የምታርፍበትን የጎጆ ግድግዳ ሙቀት አይደለም። እሳት የሚነድበትና ከብት የሚያድርበት ቤት ሌሊት ከውጭው አየር ይሞቃል። በደጋ ጫፍ ላይ ያ ትንሽ ልዩነት ተህዋሱን ሊያበስለው ይችላል።

ከሙቀት ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ውኃ ነው። በኢትዮጵያ ዋናዋ ወባ አስተላላፊ አኖፌለስ አረቢየንሲስ ናት። ዕንቁላሏን የምትጥለው ፀሐይ በሚያገኘው፣ ጥልቀት በሌለውና ባልቆየ ውኃ ላይ ነው፤ የበሬ ኮቴ በጭቃ ላይ የተወው ጉድጓድ፣ ለቤት ምርጊት አፈር የተቆፈረበት ቦታ፣ የመኪና ጎማ የሄደበት ቦይ ይበቃታል። በነጻ በሚገኘው የሴንቲኔል ምስል ላይ የሚታየው ትንሹ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር ስለሆነ የኮቴው ጉድጓድ በእሱ አይታይም። ካርታ ሠሪው ማድረግ የሚችለው ውኃ ሊያቁር የሚችለውን መሬት መገመት ነው። ከከፍታው መረጃ ተዳፋትነቱ ይሰላል፤ ብዙ ሽቅብ መሬት ውኃውን የሚያወርድበት ለጥ ያለ ቦታ ርጥብ ተብሎ ይለያል። በዚህ መለኪያ የፋርጣ ገደላማ ተዳፋት ዝናቡን ወዲያው አውርዶ ይጥለዋል። ተቀባዩ ፎገራ ነው። ከጉና የሚነሱት ርብና ጉማራ ወንዞች ሜዳው ላይ ሲደርሱ ፍጥነታቸውን አጥተው ይንጣለላሉ፤ በክረምት ከአፋቸው እየሞሉ የሚያጥለቀልቁትም ለዚህ ነው። በአማራ ክልል ረግረጋማ ቦታዎችን በሳተላይት ምስል ለይቶ ከወባ መዝገብ ጋር ያስተያየ ጥናትም ረግረግ የወባ ስጋትን ለመገመት የሚረዳ ምልክት መሆኑን አሳይቷል።

ሜዳው ላይ ሰውም ውኃ ያስተኛል። ፎገራ በኢትዮጵያ የሩዝ አገር ነው፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የሚገኘው እዚያው ነው። ሩዝ ለጋ ሳለ ማሳው ፀሐይ ያረፈበት ዝርግ ውኃ ስለሚሆን ለአረቢየንሲስ ይመቻል። ሰብሉ አድጎ ውኃውን ሲሸፍነው እሷ ትቀንሳለች፤ ሣርና ቅጠል ያለበትን ውኃ የምትወደው አኖፌለስ ፋሮኤንሲስ ደግሞ ትተካለች። ስለዚህ ካርታው ላይ «ሩዝ» ብሎ በአንድ ቀለም መቀባት አይበቃም፤ በየትኛው ሳምንት ስንት ሴንቲ ሜትር እንደደረሰ ማወቅ ይጠይቃል። ከብትም የራሱ ሚና አለው። አረቢየንሲስ ሰውንም ከብትንም ስለምትነድፍ ብዙ ከብት ያለበት መንደር አንዳንዴ ንድፊያው ወደ ከብቱ ይሄድለታል፤ ከብቱ ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ካደረ ግን ትንኟን ወደ ቤት መሳቢያ ሊሆን ይችላል።

ግድብና መስኖ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው፣ በትግራይ ትናንሽ ግድቦች ዙሪያ በሚኖሩ ሕፃናት ላይ የተደረገው ጥናት በግድብ አጠገብ ያሉት ሕፃናት ራቅ ካሉት ሰባት እጥፍ ያህል በወባ እንደሚያዙ አግኝቷል። ጥናቱን የመሩት በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር የሆኑት ቴድሮስ አድኃኖም ናቸው። ትንኝ በአብዛኛው ከተፈለፈለችበት ከሁለትና ከሦስት ኪሎ ሜትር ርቃ ስለማትሄድ በእንዲህ ዓይነት ግድብ ዙሪያ በጂአይኤስ የሦስት ኪሎ ሜትር ክበብ አስምሮ በውስጡ ያሉትን ቤቶች መቁጠር ቀላል ሥራ ነው። በርብ ወንዝ ላይ የተሠራው ግድብ ከ200 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውኃ እንዲይዝና በበጋ ሜዳውን እንዲያለማ የታቀደ ነው። ገበሬው በዓመት ሁለቴ ማምረቱ የሚያስመሰግን ነው፤ ካርታው ግን ከዚህ በኋላ የበጋውንም ወራት መቁጠር ይኖርበታል።

አንዳንዴ ስጋቱን የሚያሳየው መረጃ ማንም ያልጠረጠረው ሆኖ ይገኛል። በምዕራብ ጎጃም ቡሬ እ.ኤ.አ. በ1998 የወባ ወረርሽኝ ተነስቶ ነበር። ተመራማሪዎች ምክንያቱን ሲፈልጉ በቆሎ በብዛት የሚዘራባቸው ቀበሌዎች በወባ ይበልጥ የተጎዱ መሆናቸውን አዩ። የበቆሎ ጽጌ ብናኝ ኩሬ ላይ ሲረግፍ ለትንኝ እጭ ምግብ ይሆናል፤ በደንብ የበላ እጭ ቶሎ ያድጋል፣ ትንኙም ትልቅና ዕድሜው ረዘም ያለ ይሆናል። በቆሎ ከቤት አጠገብ በጓሮ ስለሚዘራ ብናኙ የሚወድቀው ሰው በሚተኛበት አካባቢ ነው። ከዚያ ጥናት ወዲህ የሰብል ካርታ የወባ ካርታ አንዱ ክፍል ሆኖ ሊታሰብ ይገባዋል፤ በተግባር ግን እስካሁን ብዙም አይካተትም።

ይህ ሁሉ ወደ ሥራ ሲለወጥ ምን እንደሚመስል በአማራ ክልል የተሞከረው ሥርዓት ያሳያል። ኤፒዴሚያ በሚል ስም የሚታወቀው ፕሮጀክት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችን ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ከክልሉ የጤና መሥሪያ ቤትና ከጤና፣ ልማትና ፀረ ወባ ማኅበር ጋር ያገናኘ ነው። በ47 ወረዳዎች በየሳምንቱ የሚመጣውን የወባ ሪፖርት ከሳተላይት ዝናብ፣ ሙቀትና እርጥበት ጋር አዋሕዶ በየትኛው ወረዳ ወባ ከወትሮው በላይ እንደሆነ፣ በቀጣዮቹ ሳምንታትም ወዴት እንደሚሄድ የሚተነብይ ሪፖርት ከነካርታው ያወጣ ነበር። ትንበያውን የሚቻል የሚያደርገው መዘግየቱ ነው። ዝናብ ከጣለ በኋላ እጩ ማደግ፣ ትንኟ መንደፍ፣ ተህዋሱ መብሰል፣ ሰው መታመም አለበት፤ በክልሉ የተደረጉ ጥናቶች በዝናብና በሕሙማን ቁጥር መካከል ከአንድ እስከ ሦስት ወር እንደሚያልፍ አግኝተዋል። የክረምቱ ዝናብ ሐምሌና ነሐሴ ከርሞ ወባው ከመስከረም እስከ ኅዳር የሚበረታውም ለዚህ ነው። ያ ጊዜ አጎበር ለማደል፣ የቤት ውስጥ ርጭት ለማካሄድና መድኃኒት ጤና ኬላ ለማድረስ የተሰጠ ዕድል ነው።

የሥርዓቱ እግር ያለው ከታች ነው። በቀበሌው ጤና ኬላ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጣት ወግታ በፈጣን መመርመሪያው ላይ የደም ጠብታ ታኖራለች፤ መስመሩ ከወጣ ፋልሲፓረም ወይም ቫይቫክስ ብላ መዝገብ ላይ ታሰፍራለች። ግድግዳው ላይ የሳምንታቱ ሰንጠረዥ ይለጠፋል፤ ያለፉት አምስት ዓመታት የእያንዳንዱ ሳምንት ቁጥር ተሰልቶ አንድ መስመር ተሰምሮበታል። የዘንድሮው መስመር ያንን ካለፈ ወረርሽኝ ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ የሚጠይቀው ይህ ሰንጠረዥ ያለውን ይነግራል፤ ሳተላይቱ የሚጨምረው የሚመጣውን ነው። የጤና ኬላው መዝገብ ካልተሞላ ግን ከላይ ያለው ስሌት ሁሉ የሚቆምበት መሬት የለውም።

የወረዳ ካርታ አንድ የሚያሳስት ጠባይ አለው። ደራ ወረዳ ከጣና ዳር ተነስቶ ሽቅብ ወደ ደጋ ይወጣል፤ ስማዳና ታች ጋይንት ደጋውንም የወንዝ ሸለቆውንም ይዘዋል። የወረዳው አማካይ ተሰልቶ በአንድ ቀለም ሲቀባ የቆላው ቀበሌ ከሚገባው በታች፣ የደጋው ቀበሌ ከሚገባው በላይ ስጋት ያለው ሆኖ ይታያል። ከዚያ ጥቂት የርጭት ኬሚካል ሲመጣ በወረዳ ይከፋፈላል። እንዲህ ባለ ተራራማ አገር ከቀበሌ በላይ የሚሠራ የስጋት ካርታ ለስብሰባ አዳራሽ ግድግዳ እንጂ ለርጭት ቡድን አይጠቅምም። ቤት ለቤት የሚዞረው ቡድን የሚፈልገው የጎጡን ስምና የቤቱን ብዛት ነው፤ ይህን ደግሞ ዛሬ የጣሪያዎችን ቅርጽ ከሳተላይት ምስል ለይተው ከሚያወጡ ነጻ መዝገቦች ማግኘት ይቻላል።

ደብረ ታቦር ላይ አንድ ሰው በወባ ቢያዝ የመጀመሪያው ጥያቄ የት ሄዶ ነበር የሚለው ነው። ከደቡብ ጎንደር ደጋ በየዓመቱ ብዙ ወጣት ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳል። ሲመለስ ወባውን ይዞ ይመለሳል። በበሽታው ካርታ ላይ ነጥቡ የሚያርፈው ሰውየው በታከመበት ደጋ ላይ ነው፤ የተነደፈበት ቦታ ግን ከዚያ ብዙ ርቀት ላይ ነው። የጉዞ ታሪክ ካልተመዘገበ ደጋው በሐሰት ቀይ ይሆናል።

የሰው እንቅስቃሴ ካርታውን እንዴት እንደሚገለብጠው ሊቦ ከምከም ትመሰክራለች። እ.ኤ.አ. በ2004 እና በ2005 በዚህች ወረዳ ሰዎች በትኩሳትና በክሳት እየደከሙ ሞቱ። መጀመሪያ ወባ ነው ተብሎ በወባ መድኃኒት ታከሙ፤ አልዳኑም። በመጨረሻ በሽታው ካላዛር፣ አስተላላፊዋም ትንኝ ሳትሆን የአሸዋ ዝንብ መሆኗ ታወቀ። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ካላዛር እስከዚያ ድረስ በዋናነት የሚታወቀው በመተማና በሁመራ ቆላ ነበር፤ ወደ ሊቦ ከምከም የደረሰውም ከዚያ በተመለሱ የቀን ሠራተኞች በኩል ሳይሆን እንደማይቀር ይታመናል። በቀድሞው ካርታ ላይ ወረዳዋ ባዶ ስለነበረች ሐኪሙ ካላዛርን ሊጠረጥር የሚችልበት ምክንያት አልነበረውም።

አዲስ ስጋት ከሌላ አቅጣጫ መጥቷል። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የእስያ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 በሶማሌ ክልል በቀብሪ ደሃር ተገኘች፤ በ2022 በድሬዳዋ ለተነሳው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት መሆኗም ተረጋግጧል። እሷ የምትራባው በሮቶ፣ በበርሜል፣ በግንባታ ቦታ የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ነው። ስለዚህ ዝናብ አትጠብቅም፤ ረግረግም አትፈልግም። ከላይ የተገለጸው በዝናብ፣ በተዳፋትና በረግረግ ላይ የቆመው ካርታ እሷን አያያትም። ለእሷ የሚያስፈልገው የከተማ ካርታ ነው፤ የቧንቧ ውኃ የሚቆራረጥበት ሰፈር፣ ክዳን የሌለው ታንከር፣ ያላለቀ ፎቅ የሚቆጠርበት። የደብረ ታቦር ቅዝቃዜ ደጋውን የሚያግዘው ቢሆንም በሐይቁ ዳር በሜዳው ላይ ለሚያድጉት ከተሞች እንዲህ ያለ ዋስትና የለም።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ባሉት ወራት ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት መዝግባለች። ግጭት ባለበት ቦታ ደግሞ መዝገቡ ራሱ ይቋረጣል፤ ጤና ኬላ ይዘጋል፣ መመርመሪያ አይደርስም፣ የሳምንቱ ሪፖርት አይላክም። በኮምፒውተሩ ሰንጠረዥ ውስጥ ሪፖርት ያልላከ ቀበሌና ሪፖርት ልኮ አንድም ሕመምተኛ ያላገኘ ቀበሌ ሁለቱም ዜሮ ሆነው ሊገቡ ይችላሉ፤ ካርታውም ሁለቱን በአንድ አረንጓዴ ይቀባቸዋል። ጥንቁቅ ካርታ ሠሪ ሪፖርት ያልመጣበትን ቀበሌ ቀለም ሳይቀባ በሰያፍ መስመር ይሸነትረዋል፤ ከግርጌውም በዚያ ሳምንት ሪፖርት የላኩት ቀበሌዎች ከስንቱ ስንት እንደሆኑ ይጽፋል።